አዲስ መኪና ስትገዙ፦ የተለጠፈው ዋጋ ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ

ጀማሪ_ነጂ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ የነዳሁት ያገለገለ መኪና ነው። አሁን አዲስ ልገዛ ነው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቼ «ይሄማ አያቅተኝም» ብዬ ገባሁ። ሻጩ ፕሮፎርማውን ሲያወጣልኝ ግን ከዋጋው ሥር ሌላ ዝርዝር ተከተለ። ማጓጓዣ፣ ማዘጋጃ፣ የሰነድ ክፍያ፣ ምዝገባ፣ ሰሌዳ፣ ግብር፣ የቀለም መከላከያ፣ የስርቆት መከላከያ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ። ልዩ ልዩ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» አለኝ።

እስካሁን አልፈረምኩም። ከዚህ ሁሉ የቱ ግዴታ ነው? የቱ ላይ መደራደር ይቻላል? ውሉ ላይስ ዓይኔን የት ላሳርፍ? የድሮ መኪናዬን ለእነሱው ሰጥቼ ቀሪውን በብድር ለመክፈል ነው ያሰብኩት።

የቀድሞ_ሻጭ፦

ሳትፈርም መምጣትህ ጥሩ ነው። እኔ ለዓመታት መኪና ስሸጥ ኖሬ ነው የተውኩት። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ልንገርህ።

«በወር ስንት ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ ለኪስህ ታስቦ የሚጠየቅ አይደለም። አንዴ ወርሃዊውን ቁጥር ከተናገርክ ሻጩ ዋጋውን፣ ወለዱን፣ የብድሩን ዘመን፣ የድሮ መኪናህን ግምት እንዳሻው ያንቀሳቅሳል። አንተ የምታየው ያንኑ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው። በሙያው «አራት ካሬ» የሚባል ወረቀት አለ። አንድ ገጽ ለአራት ይከፈልና የመኪናው ዋጋ፣ የድሮው መኪና ግምት፣ ቅድመ ክፍያ እና ወርሃዊ ክፍያ ይጻፍበታል። አንዱ ካሬ ላይ ስትከራከር ሌላው ካሬ ላይ ይመለስብሃል። ለድሮው መኪናህ ጥሩ ዋጋ ሰጠሁህ ይልህና ከአዲሱ ላይ ሊቀንስልህ የነበረውን ያስቀረዋል።

ስለዚህ እንዲህ በለው፦ «የወሩን በኋላ እናወራለን። ሁሉም ነገር ገብቶበት፣ ሰሌዳው ተለጥፎ፣ ቁልፉን ይዤ ከግቢው ስወጣ በጠቅላላ የምከፍለውን በጽሑፍ ስጠኝ።» ይህ አንድ ቁጥር ነው። በኢሜይል ይላክልህ። አልልክም ካለህ ሌላ ሻጭ ጠይቅ። ሁለት ሦስት ቦታ ያንኑ መኪና በዚህ ቁጥር ብቻ አወዳድር።

ዝርዝሩን ደግሞ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ እያየህ ለየው። ግብር፣ ምዝገባና ሰሌዳ ወደ መንግሥት ይሄዳሉ። ድርድር የለባቸውም፤ ግን መጠኑን ራስህ ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አረጋግጥ፤ አንዳንዴ «ግምት» ተብሎ ከፍ ተደርጎ ይጻፍና ልዩነቱ ሳይመለስ ይቀራል። ማጓጓዣ ወደ አምራቹ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሞዴል ቋሚ ስለሆነ ሻጩ አይቀንሰውም፤ ቢፈልግ ግን ከመኪናው ዋጋ ላይ ያካክስልሃል። የሰነድ ክፍያ፣ ማዘጋጃ፣ የቀለም መከላከያ፣ የስርቆት መከላከያ በቀጥታ ወደ ሻጩ ኪስ ነው የሚገቡት። ጥርስህን መንከስ ያለብህ እዚህ ላይ ነው።

«ልዩ ልዩ» ለሚለው መስመር ማብራሪያ አትጠይቅ። ይሰረዝ በል። ስም የሌለው ነገር አይከፈልም።

ሳቅ_በሳቅ፦

«ማዘጋጃ» ማለት ፕላስቲኩን ከወንበር ላይ መላጥ ነው 😂

የቀድሞ_ሻጭ፦

ሳቅ_በሳቅ፣ ትንሽ ተጨማሪ ሥራም አለው። ፈሳሾቹን ማየት፣ የጎማ ንፋስ ማስተካከል፣ ባትሪ መፈተሽ፣ ማጠብ። ግን አምራቾች ለዚህ ሥራ ለሻጩ የሚከፍሉበት ጊዜ ብዙ ነው። አንተም ከከፈልክ ለአንድ ሥራ ሁለት ክፍያ ሆነ።

የስርቆት መከላከያ የሚሉት ብዙ ጊዜ የሻንሲ ቁጥሩን መስታወት ላይ መቅረጽ ነው። ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን ሞልተን ነው ብለው የሚያስከፍሉም አሉ። የምንተነፍሰው አየር እኮ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። «ከመግዛትህ በፊት መኪናው ላይ ተሠርቶ አልቋል፣ ማንሳት አይቻልም» ካሉህ «እኔ አላዘዝኩም» ማለት በቂ ነው። ማንሳት ካልቻሉ ሂሳቡን ያንሱት።

ስሌት_ወዳድ፦

ስለ ግብር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ጀማሪ ነጂ አገሩን አልጠቀሰም፤ ግድ የለም፣ የስሌቱ አካሄድ ብዙ ቦታ አንድ ነው።

መኪና ከውጭ በሚገባበት ብዙ አገር ግብር በግብር ላይ ይነባበራል። ለምሳሌ ያህል መኪናው ወደብ ሲደርስ ዋጋው 100 ይሁን። ቀረጥ 30 በመቶ፣ ኤክሳይስ ታክስ 20 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ ነው እንበል። ሰው ቶሎ ብሎ 30 እና 20 እና 15 ይደምርና «65 በመቶ ነው፣ 165 ይመጣል» ይላል። አይመጣም። ቀረጡ ሲጨመር 130 ይሆናል። ኤክሳይሱ የሚሰላው በ130 ላይ ስለሆነ 26 ይጨምራል፤ 156 ሆነ። ቫቱ ደግሞ በ156 ላይ ስለሚሰላ 23.4 ይመጣል። ድምሩ 179.4 ነው። የሻጩ ትርፍ ገና አልገባም። ትርፉ ሲገባ እሱም ላይ ቫት አለ።

ከዚህ የሚከተለው ምን መሰላችሁ? መነሻ ዋጋው ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ነገር ግብሩንም ይዞ ይመጣል። ከፋብሪካ የሚታዘዝ ትልቅ ጎማ ወይም የጣሪያ መስታወት ካታሎጉ ላይ በተጻፈው ዋጋ አይቆምም። ስለዚህ የአማራጭ ዕቃ ዋጋ ስትጠይቁ «ቫትን ጨምሮ ነው?» በሉ። አንዳንድ ቦታ ካታሎጉ ያለ ቫት ነው የሚታተመው።

እናት_ዓለም፦

ስሌት ወዳድ፣ ያልከው ምሳሌ ቀላሉ ነው። ዴንማርክ አለ አይደል? የመኪና መመዝገቢያ ታክሱ በደረጃ የሚወጣ ሲሆን የላይኛው እርከን ላይ 150 በመቶ ይደርሳል። ሲንጋፖር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ መኪና ለመግዛት መጀመሪያ የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ፈቃድ በጨረታ ማሸነፍ አለብሽ። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። አንዳንዴ ከመኪናው ይልቅ ፈቃዱ ይወደዳል። እኛ ስለ ሰነድ ክፍያ እንጨቃጨቃለን።

ባለ_ሁለት_ቁልፍ፦

ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንዱ ውስጥ ሆኖ ከጎረቤት አገር አዲስ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው፦ ለቫት ሕግ «አዲስ» የሚለው ቃል የራሱ ትርጉም አለው። መኪናው መንገድ ላይ ከወጣ ገና 6 ወር ያልሞላው ከሆነ፣ ወይም የተነዳው ከ6,000 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ከሆነ፣ አዲስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ቫቱን የምትከፍሉት መኪናውን በምታስመዘግቡበት አገር ነው። ሻጩ የራሱን አገር ቫት አስከፍሎ ከላካችሁ አገራችሁ ስትደርሱ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። «ትንሽ ተነድቷል፣ ያገለገለ ነው» በሚል ቃል አትሸወዱ።

ጀማሪ_ነጂ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ስለ ድሮ መኪናዬስ? ለሻጩ ብሰጠው ግብር ይቀንስልሃል ያለኝ ሰው አለ።

ስሌት_ወዳድ፦

እንደ ቦታው ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ የሚሰላው በልዩነቱ ላይ ነው። አዲሱ 100፣ የድሮው 30 ከሆነ ታክሱ በ70 ላይ ብቻ ይታሰባል። ካሊፎርኒያ ግን በሙሉው 100 ላይ ታስከፍላለች። ልዩነቱን ለሚያስቡበት ቦታ፣ ለግለሰብ ብሸጠው ትንሽ ይበልጥልኛል ስትል ያንን የታክስ ቅናሽ ጨምረህ አወዳድር። ቫት ባለበት አገር ግለሰብ የድሮ መኪናውን ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም።

አንድ ጥንቃቄ። በድሮው መኪናህ ላይ ያላለቀ ብድር ካለ ንገረን። ዕዳው ከመኪናው ግምት ከበለጠ ልዩነቱ ወደ አዲሱ ብድር ይገለበጣል። «ዕዳህን እኛ እንዘጋልሃለን» ሲሉህ ዘግተው ሳይሆን አዛውረው ነው። በሌለህ መኪና ላይ ወለድ ትከፍላለህ ማለት ነው።

ጀማሪ_ነጂ፦

ዕዳ የለበትም፤ ተመስገን።

ብድሩን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ ቀርቦልኛል። አንደኛው በ48 ወር፣ ሁለተኛው በ84 ወር። ሁለቱም 8 በመቶ ነው አሉኝ። የ84ቱ ወርሃዊ በጣም ቀለል ይላል።

ስሌት_ወዳድ፦

100,000 ተበደርክ እንበል፤ በየትኛውም ገንዘብ ይሁን። በ48 ወር ወርሃዊህ ወደ 2,441 ነው፤ ጠቅላላ ወለዱ 17,182 አካባቢ ይመጣል። በ84 ወር ወርሃዊህ ወደ 1,559 ይወርዳል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን 30,900 ይሻገራል። በወር 880 የሚያህል ቀነስኩ ብለህ በመጨረሻ 13,700 ያህል ጨመርክ።

ሌላም ጣጣ አለው። አዲስ መኪና ዋጋው በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በ84 ወር ብድር ዕዳህ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዕዳህ ከመኪናህ ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የገበያ ዋጋውን ነው። ቀሪውን ዕዳ አንተ ትሸከማለህ። ያንን ክፍተት የሚሸፍን ኢንሹራንስ አለ። ረጅም ብድርና ትንሽ ቅድመ ክፍያ ላለው ሰው ትርጉም አለው። ግን ከሻጩ ከመግዛትህ በፊት ከራስህ ኢንሹራንስ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ በእጅጉ ይረክሳል። ግማሹን ቅድሚያ የከፈለ ሰው ግን ምንም አያስፈልገውም።

እና ያን 8 በመቶ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቅ። በመነሻው ዕዳ ላይ እስከ መጨረሻው የሚታሰብ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ? ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። 5 በመቶ ተብሎ ለአምስት ዓመት በመነሻው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ በቀሪ ዕዳ ስሌት ከ9 በመቶ በላይ ነው። ምክንያቱም በየወሩ ዋናውን እየመለስክ ነው፣ እነሱ ግን ሙሉውን እንደያዝክ ያስከፍሉሃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ አበዳሪው ዓመታዊ ምጣኔውን፣ የወለዱን ጠቅላላ መጠንና የክፍያዎቹን ድምር ጎላ አድርጎ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ሕጉ በሌለበት አገርም ያንን መጠየቅ ይቻላል፦ «ስንት ወሰድኩ፣ በድምሩ ስንት እመልሳለሁ?»

ጥግ_ላይ_ያለ፦

ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ዜሮ በመቶ ወለድ የሚሰጡ አሉ። እሱን ያዝ።

ስሌት_ወዳድ፦

ዜሮው ነጻ የሚሆነው ሌላ ነገር ካልተነሳብህ ነው። ብዙ ጊዜ «ወይ ዜሮ ወለድ፣ ወይ የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ» ይሉሃል። መኪናው 100,000፣ ቅናሹ 8,000 ይሁን። ዜሮውን በ48 ወር ብትወስድ ወርሃዊህ 2,083 ነው። ቅናሹን ወስደህ 92,000 ከባንክህ በ4 በመቶ ብትበደር ወደ 2,077 ይመጣል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ባንክህ 8 በመቶ ካለህ ግን ወርሃዊው 2,246 ስለሚሆን ዜሮው በግልጽ ያሸንፋል። ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ዜሮ ወለድ ከወሰደ 8,000 ትቶ መሄዱ ነው።

የቀድሞ_ሻጭ፦

አንድ የውስጥ ነገር። ሻጩ ብድር ሲያመቻችልህ ከአበዳሪው ኮሚሽን ያገኛል። አበዳሪው በ6 እሰጣለሁ ይላል፣ ሻጩ 8 ብሎ ይነግርሃል፣ ልዩነቱን ይካፈላሉ። ብሪታንያ ውስጥ ሻጩ ወለዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚያድግበትን አሠራር የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከልክሎታል። ጉዳዩ ከዚያ በኋላም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። ሌላ ብዙ ቦታ ግን ሕጋዊ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሻጩ ጋ ከመሄድህ በፊት ከራስህ ባንክ የብድር ማረጋገጫ ይዘህ ሂድ። «ከዚህ የተሻለ አለህ?» በለው። ካለው ውሰድ፣ ከሌለው ባንክህ አለ።

የወል_መንገድ፦

እኔ ልግዛ ሳይሆን ልከራይ ብዬ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ነድቶ መመለስ የሚባለው። ወለዱን ስጠይቅ 0.0025 አሉኝ። ወለድ እንዲህ ትንሽ ይሆናል እንዴ?

ስሌት_ወዳድ፦

አይሆንም። ያ ቁጥር በ2,400 ይባዛል። 0.0025 ማለት 6 በመቶ ነው። ሆን ተብሎ እንዲያንስ የተደረገ ይመስላል፤ ሰው ያልገባው ነገር ላይ አይከራከርም።

በኪራይ የምትከፍለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መኪናው በሦስት ዓመት የሚያጣው ዋጋ፣ ሁለተኛው ወለድ። የሚያጣውን ዋጋ የሚወስነው «ሲመለስ ይህን ያህል ያወጣል» ብለው የሚጽፉት ግምት ነው። ግምቱ ከፍ ሲል ወርሃዊው ይወርዳል። የምትነዳበት ኪሎ ሜትር ገደብ፣ ከገደብ በላይ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚታሰብ፣ እና ሲመለስ «መደበኛ ያረጀ» የሚባለው ጭረት ምን ያህል እንደሆነ ካልተጻፈ አትፈርም። መኪና ቶሎ ቶሎ መቀየር ለሚወድ ሰው ኪራይ መጥፎ አይደለም። ዐሥር ዓመት ሊነዳ ላሰበ ሰው ግን አይሆንም።

ጥግ_ላይ_ያለ፦

ለማንኛውም አትጨነቁ። ሕግ አለ። አዲስ መኪና ገዝተህ ካልተመቸህ በሦስት ቀን ውስጥ ትመልሳለህ።

የውል_ሰው፦

ልጆች፣ ይህን ወሬ ሳይነቅሉት ማለፍ አይገባም። ሥራዬ ከውል ጋር ነው። ጥግ ላይ ያለ፣ ያልከው ነገር ስንቱን ሰው ጉድ ሠርቶታል።

የሦስት ቀን ነገር የመጣው ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው። ደንቡ የተጻፈው ሻጭ ቤት ለቤት እየዞረ ወይም ከቋሚ ሱቁ ውጭ ለሚሸጠው ነው። መኪና ሻጩ ግቢ ሄደህ የፈረምከውን አይመለከትም። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ከብድር ውል በ14 ቀን ውስጥ መውጣት ይቻላል። ይህ ግን ብድሩን እንጂ መኪናውን አይመለከትም። ገንዘቡን ከሌላ አምጥተህ ትመልሳለህ፤ መኪናው ያንተው ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ብቻ ለተገዛ ዕቃ 14 ቀን አለ። ሻጩ ዘንድ ተገኝተህ ከፈረምክ የለም። ባጭሩ፣ ሐሳብ ስለቀየርኩ መመለስ የሚባል ነገር በሻጭ ግቢ ውስጥ ብዙ ቦታ አይታወቅም። የተበላሸ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የሸማቾች ሕግ ጀምሮ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብ የመቀበል መብት ሰጥታለች።

አሁን ወደ ጀማሪ ነጂ ጥያቄ። ውሉን ስታነብ ከፊት ገጹ ይልቅ ከጀርባው ያለውን ደቃቃ ጽሑፍ አስቀድም።

መጀመሪያ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ፈልግ። መኪናው ታዝዞ የሚመጣ ከሆነ «ዋጋው ርክክብ በሚደረግበት ቀን ያለው ይሆናል» የሚል ሐረግ አይጠፋም። ይህ ማለት ዛሬ የፈረምከው ዋጋ ዋጋ አይደለም። ሊሰረዝ ይገባል፤ ካልተሰረዘ ቢያንስ «ዋጋው ከጨመረ ገዢው ቀብዱን ተቀብሎ ውሉን ማፍረስ ይችላል» የሚል ይጨመርበት። ግብር በመንግሥት ቢጨምር ማን ይሸከማል የሚለውም በዚሁ ቦታ ይጻፍ። የውጭ ምንዛሪ ልዩነት ወደ ገዢ የሚያዞር ሐረግም እዚሁ አካባቢ ይደበቃል።

ቀጥሎ የርክክብ ቀን። «በግምት» የሚል ቃል ካለ ሻጩ ምንም አልተገደደም። የጀርመን መደበኛ የአዲስ መኪና ሽያጭ ውል አንድ ጥሩ ነገር አለው። አስገዳጅ ያልሆነው ቀን ካለፈ ከ6 ሳምንት በኋላ ገዢው ሻጩን እንዲያስረክብ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሻጩ እንደዘገየ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ መስመር በየትኛውም ውል ላይ ቢጨመር ማንንም አይጎዳም።

ቀብድ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ብድርህ ሳይጸድቅ ቢቀር? ይህን በቃል አትተወው። ብዙ ውሎች ላይ «ይህ ሰነድ የተዋዋዮች ሙሉ ስምምነት ነው» የሚል አንቀጽ አለ። እሱ አንቀጽ ሻጩ በቃል የነገረህን ሁሉ ያጠፋዋል። የመጀመሪያው ሰርቪስ በነጻ ነው፣ ምንጣፍ እንሰጥሃለን፣ ሁለተኛ ቁልፍ አለው። ካልተጻፈ የለም።

የባለቤትነት አንቀጽም አለ። በብድር ስትገዛ ዕዳው እስኪያልቅ ሊብሬው ላይ የአበዳሪው መብት ይመዘገባል፣ ወይም ባለቤቱ አበዳሪው ነው ይላል። ይህ ልማድ ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ስንት ክፍያ ብታሳልፍ መኪናው እንደሚወሰድ አለመጻፉ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ሳታድስ ብትቀር አበዳሪው በራሱ ገዝቶ ሂሳቡን ባንተ ላይ መጫን ይችላል፤ ያ ኢንሹራንስ ውድ ነው፣ የሚጠብቀውም አበዳሪውን ነው። ብድሩን ቀድሞ መዝጋት ቅጣት ካለው ደግሞ መጠኑን በመቶኛ አጽፍ።

የግልግል ዳኝነት አንቀጽም ተመልከት። ጉዳይህን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ትተህ ሻጩ ወደ መረጠው ገላጋይ እንድትሄድ የሚያስገድድ ሊሆን ይችላል። ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እናት_ዓለም፦

የውል ሰው፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ የማውቀው አንዲት ሴት ላይ የደረሰውን ልጨምር። «ብድርሽ ጸድቋል» ብለው መኪናውን ሰጥተው ላኳት። ከሳምንት በኋላ ደውለው «አበዳሪው አልተቀበለም፤ ወይ ወለዱ ይጨምራል ወይ መኪናውን መልሺ» አሏት። የድሮ መኪናዋን ደግሞ ሸጠውታል። ምን ታድርግ? ከፈለች።

የውል_ሰው፦

እህቴ፣ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። ውሉ ላይ «ሽያጩ የሚጸናው ብድሩ ሲጸድቅ ነው» የሚል መስመር ይኖራል፤ ሰው አያነበውም። የብድሩ ማጽደቂያ ደብዳቤ በእጅ ሳይገባ መኪናውን ይዞ መውጣት አያስፈልግም። ግድ ከሆነ «ብድሩ ባይጸድቅ የድሮው መኪናና ቅድመ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ እስከዚያም አይሸጥም» ተብሎ ይጻፍ።

ሳቅ_በሳቅ፦

እኔ ዋስትና ላይ ነው የተቃጠልኩት። «ሰርቪስ እኛ ጋ ካላደረግህ ዋስትናህ ይጠፋል» አሉኝ። እውነት ነው?

የቀድሞ_ሻጭ፦

ብዙ ቦታ እውነት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውንና ሰርቪሱን በነጻ ካልሰጠ በቀር ዋስትናውን ከራሱ ዕቃ ወይም ጋራዥ ጋር ማሰር አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም በውድድር ሕጉ ተመሳሳይ መስመር ይዟል። ግን ሰርቪሱ በጊዜው መደረጉን፣ ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ያዝ። ያለ ደረሰኝ ክርክሩ ይከብዳል።

የተራዘመ ዋስትና ሲሸጡልህ ደግሞ ከመቼ እንደሚጀምር እይ። አንዳንዱ ከፊርማ ቀን ይቆጠራል። የአምራቹ ዋስትና ሦስት ዓመት ሆኖ አንተ የአምስት ዓመት ከገዛህ፣ እውነተኛው ጭማሪ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ዋጋውን በአምስት ሳይሆን በሁለት አካፍለው።

ባለ_ሁለት_ቁልፍ፦

አሜሪካ ላላችሁ፦ አዲስ መኪና መስኮት ላይ ያለው ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሕጉን ባመጡት ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስም ነው የሚጠራው። መነሻ ዋጋ፣ የአማራጭ ዕቃ ዋጋና ማጓጓዣ እዚያ ላይ መኖር አለባቸው። ገዢው ሳይረከብ ማንሳት ክልክል ነው። አጠገቡ በሻጩ የተለጠፈ ሁለተኛ ወረቀት ካያችሁ ያ የሻጩ ጭማሪ ነው። «ገበያው ነው» የሚል መስመር እዚያ ላይ ነው የሚገኘው። ተጨማሪ ዕቃን በማታለል መሸጥን የሚከለክል አዲስ የፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሽሮታል። ስለዚህ ያንን ደንብ አምናችሁ አትሂዱ።

ጀማሪ_ነጂ፦

ተመልሻለሁ። ያላችሁኝን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሌሎች ሻጮች ጠቅላላ ዋጋ በኢሜይል ላኩልኝ። እነሱን ይዤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። የቀለም መከላከያ፣ የስርቆት መከላከያና «ልዩ ልዩ» ተሰረዙ። ማዘጋጃውን አልሰርዝም አለኝ፤ በምትኩ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያንኑ ያህል ቀነሰ። የሰነድ ክፍያው ላይ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው አለ።

ብድሩን ከራሴ ባንክ በ48 ወር ወሰድኩ። ቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ መሆኑን በጽሑፍ ሰጡኝ። የዋጋ ማስተካከያው አንቀጽ ላይ የውል ሰው እንዳሉኝ ቀብዱ ይመለሳል የሚል ተጨምሯል። የግልግሉን አንቀጽ ግን ሥራ አስኪያጁ አይሰረዝም ብሏል። ልተወው?

የውል_ሰው፦

በርታ፤ ዋናውን አግኝተሃል። የግልግሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ጠይቅ። ገላጋዩን ማን ይመርጣል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ገላጋዩ በሁለታችሁ ስምምነት የሚመረጥ ከሆነና ወጪውን በጋራ ወይም ሻጩ የሚሸፍን ከሆነ መተው ትችላለህ። አንዳንዱ ውል ደግሞ ከፈረምክ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ በደብዳቤ ከአንቀጹ መውጣት ያስችላል። ያ ካለ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ላክ፣ ቅጂውን አስቀር።

የቀድሞ_ሻጭ፦

በሰነድ ክፍያው አትዘን። ንግድ ቤቱ ለሁሉም እኩል ካላስከፈለ ሌላ ጣጣ ይመጣበታል፤ ያንን አብዛኛው ሻጭ አይነካውም። ጠቅላላ ዋጋህ ከሌሎቹ ካነሰ የመስመሩ ስም ምን ቸገረህ?

ለርክክቡ ቀን፦ በቀን ብርሃን ሂድ። በውሉ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንህ እይ። ኪሎ ሜትሩን አንብበህ በርክክብ ሰነዱ ላይ አጽፍ። ጭረት ካየህ በኋላ እናስተካክላለን ቢሉህም ያኔውኑ ይመዝገብ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርም፤ ሰረዝ አስደርግበት። ኢንሹራንስህ የሚጀምርበት ሰዓት ከግቢው ከመውጣትህ በፊት መሆኑን ከድርጅቱ በመልእክት አረጋግጥ፤ አንዳንዱ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው።

ጀማሪ_ነጂ፦

የእኔም ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው፤ አሁን ደውዬ አረጋገጥኩ። ርክክቡን ወደ ማግሥቱ ጠዋት አዛውሬዋለሁ።